የበርበሬ ቃጠሎ በምን ይጠፋል

በኅዳርና በታኅሣሥ ወር ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬም ወደ ወንበርማ የሚሄድ መንገደኛ በየመንደሩ ደጅ ቀይ ምንጣፍ የተነጠፈ ይመስለዋል። ይህ በክረምት መግቢያ ችግኙ ተተክሎ፣ ዝናም ካቆመ በኋላ ቀልቶ የተለቀመ፣ በፀሐይም እንዲደርቅ የተሰጣ በርበሬ ነው። የዚያ አገር ገበሬ ጤፉንና በቆሎውን ለቤቱም ለገበያም ያመርታል፤ በርበሬውን ግን ከሁሉ ይልቅ ለገበያ ያስበዋል። ግብር የሚከፈለው፣ ልጅ የሚማረው፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ የሚገዛው ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከዛላ በርበሬ በሚገኝ ገንዘብ ነው። ስለዚህ በርበሬ በቡሬና በአካባቢዋ ቅመም ብቻ ሳይሆን ንብረት ነው።

ሆኖም ይህ ንብረት ያለ ሥቃይ አይሰበሰብም። ዛላውን ሲቀነጥሱ የዋሉ ሴቶች ጣታቸው ይለበልባቸዋል፤ ሌሊቱንም እንደ ፍም ሲፈጃቸው ያድራል። በሙቀጫ የሚወቅጡትና በምጣድ የሚያምሱት አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳለ ስንኳ ያስላሉ፣ ያስነጥሳሉ፣ ዕንባቸው ይወርዳል። እጃቸው ግን ቢመረመር አልተላጠም፤ ውኃም አልቋጠረም፤ ነገ ከነገ ወዲያም ጠባሳ አይወጣበትም። ቃጠሎ አለ፤ እሳት ግን የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ነገር አለ። ይኸውም ቃጠሎው መጥቶ የማይቀር፣ በጊዜው የሚጠፋ መሆኑ ነው። ሰው በርበሬ የበዛበትን ወጥ ሲበላ የመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች እየተደራረቡ ምላሱን ያነድዱታል፤ ጥቂት አርፎ እንደገና ቢቀምስ ግን ያው ወጥ በፊት እንደነበረው አያቃጥለውም። ይህን ተራ ነገር አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው፤ በርበሬው ታጥቦ ስለ ወረደ ነው ብሎ ያልፈዋል። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ግን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በርበሬው ገና በስፍራው ሳለ፣ አዲስም ቢጨመር፣ ቃጠሎው ይቀንሳል። እሳቱን የሚያጠፋው የማገዶው ማለቅ ሳይሆን የሰውየው የገዛ ሕዋስ ነው። መልእክት መቀበል አንድ ሥራ ሲሆን መልእክትን ማቆም ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው፤ ይህ ሁለተኛው ሥራ ሲበላሽ የሚመጣው ጥፋትም ከዚህ ቀጥሎ እንደሚታየው ቀላል አይደለም።

ስለ ሕዋስ ቃል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሕዋስ ማለት ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስና መዳሰስ የሚፈጸምበት ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት ሲባልም ይህንኑ ማለት ነው። የዛሬው የሥነ ሕይወት ትምህርት ግን ቃሉን ተውሶ፣ ያለ ማጉያ መነጽር ለማይታየው፣ የሰውም የእንስሳም የአትክልትም አካል ለተሠራበት ለታናሹ የሕይወት ክፍል ስም አደረገው። የግእዝ ዐዋቂ ይህን ሲሰማ ግር ሊለው ይችላል። ነገር ግን አወሳሰዱ ያለ ነገር አልሆነም፤ ያ ታናሽ ክፍል እያንዳንዱ በበኩሉ ከውጭ የሚመጣውን ያውቃልና፣ ለሚያውቀውም መልስ ይሰጣልና። በበርበሬ ነገር ደግሞ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ፤ የመቅመስና የመዳሰስ ሕዋስ የተባለው ሥራውን የሚሠራው በእነዚህ ታናናሽ ሕዋሳት ነው።

የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። የሚበዛውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፍሬው ዘር ውስጥ ሳይሆን ዘሩ በተጣበቀበት በነጩ የውስጥ ሥር ነው። ካፕሳይሲን በቅባት እንጂ በውኃ አይሟሟም። በዚህ ምክንያት እጅን በውኃ ብቻ ደጋግሞ መታጠብ ብዙ አይረዳም፤ ቀንጣሾች አስቀድመው ቅቤ ወይም ዘይት ቀብተው ቢያሹት፣ ከዚያም በሳሙና ቢታጠቡ ይሻላቸዋል። አፉ የተቃጠለበትም ሰው ከውኃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ቢጠጣ ፈጥኖ ይቀልለታል።

በምላስና በቆዳ ውስጥ የተዘረጉት የሕመም ነርቮች ጫፋቸው በስስ የስብ ሽፋን የተሸፈነ ነው። በዚህ ሽፋን ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ታናናሽ በሮች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ሊቃውንቱ ቲአርፒቪ1 ብለው የሰየሙት በር ሲሆን፣ ሙቀት 43 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የሚከፈት ነው፤ ይህ መጠን ሰውነት ሊጎዳ የሚጀምርበት አካባቢ ነው። ካፕሳይሲን ይህንኑ በር ይከፍተዋል። በሩ ሲከፈት ሶዲየምና ካልሲየም የተባሉት የጨው ወገኖች ከውጭ ወደ ሕዋሱ ይጎርፋሉ፤ ነርቩም መልእክቱን ወደ አንጎል ይሰድዳል። አንጎል በሩን ማን እንደ ከፈተው አይጠይቅም፤ በዚያ መስመር የሚመጣውን ወሬ ሁሉ እሳት ብሎ ይተረጕመዋል። ስለዚህ ሰውየው ያልባል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ውኃ ውኃ ይላል። ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብልም በዚሁ በር ይገባሉ። ሰናፍጭ ግን ሌላ በር አለው፤ አፍንጫን ወግቶ ወዲያው የሚለቅቀው ሥቃይ ከበርበሬ የተለየ መሆኑን ሰናፍጭ የቀመሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን በር እ.ኤ.አ. በ1997 አግኝተው ያስታወቁት በሳን ፍራንሲስኮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ጁሊየስና የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ጁሊየስም ስለዚህ ሥራ በቤይሩት ከተወለደው አርመናዊ ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ2002 የዶሮ በር ቢመረመር ለሙቀት የሚከፈት ሆኖ ሳለ ለካፕሳይሲን ግን ከቶ የማይከፈት ሆኖ ተገኘ። ዶሮ በተሰጣው በርበሬ ላይ ገብታ ያለ ችግር ስትለቅም የምትታየው ስለዚህ ነው። በርበሬም በተፈጥሮ አገሩ በአሜሪካ ዘሩን የሚያሰራጩለት ወፎች ናቸው፤ አይጥ የመሰሉት እንስሳት ዘሩን ቆርጥመው ያጠፉታልና፣ ቃጠሎው እነርሱን ሲያርቅ ወፎቹን አይነካም። ተክሉ ከአሜሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይታሰብበት የኢትዮጵያ ወጥ ቤት ለብዙ ዘመን ያለ እርሱ ኖሯል ማለት ነው።

በሩ እንዴት እንደሚከፈት ይህን ያህል ከተነገረ፣ እንዴት እንደሚዘጋ መመርመር ይገባል። ሥራው የረቀቀ ነው። በሩ ሲከፈት የገባው ካልሲየም የሥቃዩን ወሬ አድርሶ ዝም አይልም፤ በሕዋሱ ውስጥ ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያዛል፤ ሁለቱም ተባብረው በሩን ከውስጥ ይዘጉታል። እንግዳው ሲገባ በረኛውን ቀስቅሶ ከኋላው በሩን እንዳስዘጋ ያህል ነው። ይህ ግምት ብቻ እንዳይደለ በፈተና ታውቋል፤ ነርቩ ካልሲየም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ ካፕሳይሲን ቢሰጠው በሩ ተከፍቶ ይቆያል እንጂ እንደ ልማዱ ቶሎ አይደክምም። ከዚህም ሌላ በሩን ከፍቶ ለማቆየት የሚረዳ አንድ ዐይነት ስብ በሽፋኑ ላይ አለ፤ ካልሲየም ሲገባ ይህ ስብ ይፈርሳል፤ በሩም ድጋፉን ያጣል። ነገሩ ረዘም ሲል ደግሞ ሕዋሱ በሮቹን ከሽፋኑ ነቅሎ ወደ ውስጥ ይስባቸዋል፤ የማይታይ በርም አይንኳኳም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በየሕዋሱ ውስጥ ለሚሠራው ሥርዐት ማስረጃ የሚሆነው የማኅተሙ ነገር ነው። ሕዋስ አንድን ፕሮቲን ለሥራ ሊያነሣው ሲፈልግ ፎስፌት የምትባል ታናሽ ምልክት ይለጥፍበታል፤ ሊያሳርፈው ሲፈልግ ምልክቷን ይነቅላታል። የሚለጥፉት ሠራተኞች ካይኔዝ፣ የሚነቅሉት ፎስፋቴዝ ይባላሉ። በሰው አካል ውስጥ የሚለጥፉት ብቻ ከ500 የሚበልጡ ዐይነቶች ናቸው። ይህን ሥርዐት በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ያገኙት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ ሲሆኑ፣ የኖቤል ሽልማታቸውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ማኅተም አድራጊ ብቻ ያለበት፣ ትእዛዝን የሚሽር ግን የሌለበት መሥሪያ ቤት በጥቂት ወር ውስጥ በሚቃረኑ ትእዛዞች ይታነቃል። ሕዋስ ግን ለሻሪው ከአድራጊው ያላነሰ ስፍራ ሰጥቶታል።

በበርበሬው በር ላይም ይኸው ይታያል። ሰው ሲቆስል ወይም ቆዳው ሲቈጣ ካይኔዞች በሩ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል፤ በሩም ከ43 ዲግሪ በታች በሆነ ሙቀት መከፈት ይጀምራል። የተላጠ ጣት ለብ ያለ ውኃ ሲነካው እንደ ፈላ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ይህም ሕመምተኛው ቁስሉን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። በተቃራኒው ካልሲየም በበዛ ጊዜ ካልሲኒዩሪን የተባለው ፎስፋቴዝ ይነሣና ምልክቷን ይነቅላታል፤ በሩም እየደነዘዘ ይሄዳል። ከልጅነቱ በርበሬ የለመደ የጎጃም ሰው በእንግዳው ፊት ሳይነቀንቅ የሚበላው ምላሱ ስለ ተበላሸ አይደለም፤ እነዚህ ሻሪዎች በየማዕዱ ሥራቸውን ስለሚሠሩለት ነው። የማእድ ልማድና ፍቅርም በዚያው ላይ ይጨመራል። ለብዙ ወራት ከበርበሬ የራቀ ሰው እንደገና ሲቀምስ እንደ እንግዳ የሚሆነው በሮቹ ወደ ቀድሞ ንቃታቸው ስለሚመለሱ ነው።

ይህን መደንዘዝ ከሌሎቹ አስቀድመው በሥርዐት የመረመሩት ሊቃውንት የሃንጋሪ ሰዎች መሆናቸው አያስገርምም፤ ሃንጋሪም እንደ ቡሬ በርበሬ የሚመረትባትና የሚወደድባት አገር ናትና። በዚያ በሴጌድ ከተማ ሐኪሙ ሚክሎሽ ያንቾ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ዓመታት ካፕሳይሲን ተደጋግሞ የተሰጣቸው እንስሳት ለሌላም የሚያቃጥል ነገር መልስ መስጠት እንደሚተዉ ተመለከተ። ሥቃይ የሚያመጣው ነገር ራሱ የሥቃይ ማቆሚያ ሊሆን እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው። ዘመን አልፎ እ.ኤ.አ. በ2009 ከመቶ 8 እጅ ካፕሳይሲን ያለበት ልጥፍ በአውሮፓና በአሜሪካ ለሐኪሞች ተፈቀደ። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ቁስሉ ከዳነ በኋላ በነርቭ ላይ የሚተወውን ሥቃይ ለማስታገስ ነው። ሐኪሙ ልጥፉን በቆዳ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ያደርገዋል፤ በመጀመሪያ በብርቱ ያቃጥላል፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ስፍራ ያሉት የነርቭ ጫፎች ወደ ኋላ ይሰበሰባሉ፤ ሕመምተኛውም እስከ ሦስት ወር ድረስ ዕረፍት ሊያገኝ ይችላል። ይህን ግን ማንም ሰው በቤቱ በተፈጨ በርበሬ እንዳይሞክረው መንገር ያስፈልጋል፤ መጠኑ ያልታወቀ በርበሬ ቆዳን ያቈስላል፣ ዐይንንም ይጎዳል።

እንግዲህ በሩን መዝጋት መልካም ከሆነ ለምን ጨርሶ አይዘጋም የሚል ይኖራል። የመድኃኒት ሠሪዎችም እንዲሁ አስበው ነበር። በሩ ከቶ እንዳይከፈት የሚያደርግ መድኃኒት አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የፈተና ውጤት እንደሚያሳየው ግን መድኃኒቱን ከወሰዱት ሰዎች መካከል የሰውነታቸው ትኩሳት ከ40 ዲግሪ ያለፈ ተገኙ። በዚሁ ወገን በሌሎች መድኃኒቶች ደግሞ የሚፈጅ ትኩስ ነገር ሳይሰማቸው የሚነኩ ሰዎች ታዩ። ያ በር ለካ የሰውነትንም ሙቀት ለመመጠን ይረዳ ኖሯል። ሥቃይ አለመሰማት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ጣቱን የሚያጣው ደዌው በልቶት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ነርቡ ሞቶ እሳትና እሾህ ስለማይሰማው ነው። ስለዚህ ሕዋስ በሩን የሚዘጋው ለጊዜው ነው፤ በመጠን ይዘጋዋል፤ መልሶም ይከፍተዋል።

እስካሁን የተነገረው የጤናማ ሕዋስ ሥራ ነው። መዝጊያው ሲሰበር የሚሆነውን ለማየት በመጀመሪያ ስለ ካንሰር ጥቂት ቃል ይበቃል። በሕዋስ ውስጥ ራስ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ሲነሣ ሕዋሱን እደግ፣ ተባዛ ይለዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ራሱን ያሳርፋል። እ.ኤ.አ. በ1982 መርማሪዎች የፊኛ ካንሰር ሕዋስ ውስጥ ይህን ፕሮቲን ቢመረምሩ በዘር ጽሕፈቱ አንዲት ፊደል ብቻ ተለውጣ አገኙ። በአንዲት ፊደል መለወጥ ምክንያት ራሱን ማሳረፍ አቃተው፤ ሕዋሱም ሳያቋርጥ ይባዛል። አንዲት ፊደል የቅኔን ምሥጢር እንደምትገለብጥ የሚያውቅ የዋሸራ ተማሪ ይህ አይከብደውም። ለአንድ ዐይነት የደም ካንሰር ደግሞ፣ ሳያቋርጥ የሚለጥፈውን የተበላሸ ካይኔዝ የሚዘጋ ኢማቲኒብ የሚባል እንክብል እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ በአዲስ አበባም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ እየመጣ ለሕሙማን ሲሰጥ ቆይቷል። ቀድሞ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይገድል የነበረው በሽታ ዛሬ በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል ለብዙ ዘመን ይያዛል።

ለአገር ቤት ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀርበው የኮሌራ ነገር ነው። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ያንን ሰፈር ለቀው ወደ ደብረ ታቦር ወጡ። በዚያ ጊዜ በንጉሡ እጅ የነበረው እንግሊዛዊ ሐኪም ሄንሪ ብላንክ ያየውን ጽፎ አቆይቷል። ሐኪሙም ሆነ ንጉሡ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ለምን ደርቆ እንደሚሞት ለማወቅ የሚችሉበት ዘመን አልነበረም፤ የበሽታው ተሕዋስ በሮበርት ኮህ እጅ የታወቀው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1884 ነው፤ ሰውን የሚጎዳው ተሕዋሱ የሚተፋው መርዝ እንደሆነ ደግሞ ሻምቡ ናት ዴ የተባለው የካልካታ ሊቅ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው።

መርዙ የሚሠራው እንዲህ ነው። በአንጀት ሕዋሳት ውስጥ ጂ ፕሮቲን የሚባል መልእክተኛ አለ። ከውጭ ቃል ሲመጣለት ጂቲፒ የምትባል ቅንጣት ይይዛል፤ እርሷን እስከ ያዘ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ነገር ግን ቅንጣቷን ራሱ ቀስ ብሎ ይሰብራታል፤ ስትሰበርም ያርፋል። ይህ የአገልግሎቱ ዘመን በላዩ ላይ እንደ ተጻፈበት የፈቃድ ወረቀት ያለ ነው፤ ማንም ሳይሽረው ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይሻራል። የኮሌራ መርዝ የሚያደርገው ይህን የመጨረሻ ቀን መፋቅ ነው። ከሕዋሱ ከራሱ ጎተራ አንድ ነገር ወስዶ በመልእክተኛው ላይ ይለጥፍበታል፤ መልእክተኛውም ጂቲፒውን መስበር ያቅተዋል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1977 ያረጋገጡት በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ካሰልና ሰሊንገር ናቸው፤ ስለ ጂ ፕሮቲን መገኘት ደግሞ አልፍሬድ ጊልማንና ማርቲን ሮድቤል እ.ኤ.አ. በ1994 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ፈቃዱ ካልተሻረ ሥራው አይቆምም። ሕዋሱ ሁለተኛ መልእክተኛ የሆነውን ሳይክሊክ ኤኤምፒ ያለ ልክ ይሠራል፤ እርሱም ካይኔዙን ያነሣል፤ ካይኔዙም የጨው መውጫውን በር በፎስፌት አትሞ ይከፍተዋል። ጨው ከሕዋሱ ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ውኃም ጨውን ይከተላል። በብርቱ የታመመ ጐልማሳ በአንድ ሰዓት እስከ 1 ሊትር ውኃ ሊያጣ ይችላል። ተሕዋሱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ስንኳ አልገባም፤ አንጀቱን አላቈሰለም፤ በሕዋሱ ውስጥ አንዲት መዝጊያ ብቻ ሰብሮ ነው ሰውን የሚገድለው። ሕክምና ካላገኙት ብርቱ ሕመምተኞች እስከ እኵሌታው ሊሞቱ ይችላሉ፤ በጊዜው ከታከሙት ግን ከመቶ አንድ ስንኳ አይሞትም።

የተሰበረውን መዝጊያ የሚጠግን መድኃኒት እስከ ዛሬ በሐኪም እጅ የለም። መዳኛው የተገኘው በሌላ በር በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮበርት ክሬን በፕራግ ከተማ በተደረገ ጉባኤ እንዳስረዳው፣ በአንጀት ሕዋስ ላይ ስኳርና ጨው አንድ ላይ ሆነው የሚገቡበት በር አለ። የኮሌራ መርዝ ይህን በር አይነካውም። ስለዚህ ስኳርና ጨው በልክ የተቀላቀለበት ውኃ ለሕመምተኛው ቢሰጠው፣ በአንዱ በር የሚወጣውን ያህል በሌላው በር ሊገባለት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ስደተኞች በተጨናነቁበት በቦንጋዎን ሰፈር ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀበት ጊዜ ይህንኑ ውኃ በበርሜል አድርጎ ለሕሙማኑ አጠጣ፤ ከመቶ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ወደ 3.6 ወረደ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው ሕይወት አድን እየተባለ የሚሰጠው ዱቄት ይኸው ነው። ዱቄቱ ባልተገኘበት መንደርም በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ በሻይ ማንኪያ ለጥ ብሎ የተሰፈረ 6 ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ማንኪያ ጨው ቢበጠበጥ ያገለግላል። ጨው ማብዛት ግን ይጎዳል።

ይህ ነገር ለካህናትና ለሹማምንት በእኩል የሚመለከት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር በቋራ ወረዳ በቤርሜል ጊዮርጊስ የጠበል ስፍራ ኮሌራ ተነሥቶ ነበር፤ ከየአገሩ የተሰበሰበው ምእመን ወደ ቤቱ ሲመለስም በሽታው በክልሉ ተስፋፋ። ብዙ ሰው በአንድነት በሚያድርበት ስፍራ የሚጠጣውን ውኃ ከሚጸዳዱበት የሚለይ ሥርዐት ካልተበጀ፣ ተሕዋሱ የሚመጣው ከጠበሉ ሳይሆን ከሰፈሩ ነው። የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ የሰፈሩን ንጽሕና፣ የወረዳው ሹም የመጸዳጃውንና የንጹሑን ውኃ ነገር አስቀድሞ ቢይዝ፣ ተቅማጥ የጀመረውም ሰው ጾም ነው ብሎ ከመጠጣት እንዳይከለከል ካህኑ ቢነግረው፣ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ሕመምተኛው ማንም ሳይፈቅድለት ራሱን በጥም የሚቀጣበት ጊዜ አለና ይህን ከንስሐ አባቱ አፍ መስማቱ ከሐኪም ቃል ይልቅ ሊረዳው ይችላል።

ውኃው እስከ መቼ ድረስ ይጠጣል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መልሱም ከዚያው ከሕዋሱ ሥራ ይገኛል። መርዝ የነካው ሕዋስ በሩን መዝጋት ቢያቅተውም ዕድሜው አጭር ነው፤ የአንጀት የውስጥ ገጽ ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይታደሳል። የተቆለፈው ሕዋስ ተልጦ ይወጣል፤ በስፍራውም ከሥር አዲስ የተወለደ፣ መዝጊያው ያልተሰበረ ሕዋስ ይተካል። የሐኪም መድኃኒት ተሕዋሱን ሲያጠፋ ይህ ጊዜ ያጥራል። እስከዚያ ግን የሚወጣው ሁሉ እየተተካ፣ ሕፃን በማንኪያ፣ ጐልማሳ በብርጭቆ፣ ቢያስመልሰውም ጥቂት አርፎ እንደገና ቀስ እያለ ይጠጣል፤ መጠጣት ያቃተውም ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይሰጠዋል።